የአስፋልት ዕድሜ በቦዩ ነው

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በሀዲያና በከምባታ ስላለው የአስፋልት መንገድ እንክብካቤ ነው። «ይህማ የማዘጋጃ ቤትና የመሐንዲስ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ሬዲዮኑን እንዳትዘጉብን አደራ። መሐንዲሱ መንገዱን ሠርቶ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሚያረዝመው ወይም የሚያሳጥረው በየቀኑ የሚኖርበት ሰው ነው፤ ሱቅ ከፋቹ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ቤት ሠሪው፣ የላቫጆ ባለቤቱ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩና የቀበሌ አመራሩ።

በዛሬው ቆይታችን አስፋልት በምን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱ በእጃችን ሳለ እንዴት እንደሚገታ፣ የትኛው ሥራ በየትኛው ወር መሠራት እንዳለበትና በትክክል የተጠገነ ጉድጓድ ምን እንደሚመስል እንነጋገራለን። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እንፈልጋለን፤ የአስፋልት ጥገና የሚጀምረው ከአስፋልቱ ጎን ካለው ቦይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አስቀድመን ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ ታሪክ እናንሳ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ጊዜ ጦሩን ለማንቀሳቀስ ሲል ብዙ መንገድ ሠርቶ ነበር። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ግን መንገዶቹ በቂ እንክብካቤ አላገኙም። ቦዮች ተደፈኑ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ የመንገዶቹ ገጽ ተበላ። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ አብዛኛው ለመኪና አስቸጋሪ ሆነ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ብድር ወሰደች። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ብድር ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከብድሩ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ሥራ የተመደበ ሲሆን፣ ዋናው ዓላማ ጥገና አጥተው የተበላሹትን መንገዶች መልሶ ማቅናት ነበር። በዚያው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የምንለው መሥሪያ ቤት ሥሩ እዚያ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን መንገድን የሚያስተዳድር ትልቅ መሥሪያ ቤት እንድታቋቁም ካስገደዷት ነገሮች አንዱ የተሠራውን መንገድ መጠበቅ አለመቻል ነበር። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት፣ 85 በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በ20 ዓመት ውስጥ በወቅቱ ጥገና ባለመደረጉ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ እንዳጡ አስልቷል። ያን ሁሉ ጥፋት 12 ቢሊዮን በማይሞላ የጥገና ወጪ ማዳን ይቻል እንደነበርም ገልጿል።

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ልጆቻችን ከሚኖሩባት ከደቡብ አፍሪካም አንድ ማስረጃ እንጨምር። የዚያች አገር የብሔራዊ መንገዶች ድርጅት ባወጣው ስሌት፣ አንድ መንገድ ሊጠገን ከሚገባው ጊዜ 3 ዓመት ከዘገየ ወጪው 6 እጥፍ ይሆናል። 5 ዓመት ከዘገየ ደግሞ 18 እጥፍ ይደርሳል። ዛሬ 1 ብር የከለከልነው መንገድ ነገ 18 ብር ይጠይቀናል ማለት ነው። ያ ብር የሚመጣው ደግሞ ትምህርት ቤት ሊሠራበት፣ ንጹሕ ውሃ ሊገባበት ከታሰበው ገንዘብ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መንገዱ ራሱ እንግባ። ጥቁሩን ገጽ ስናይ መንገዱ ያ ብቻ ይመስለናል። በእርግጥ ግን የከተማ አስፋልት ጥቁሩ ንጣፍ ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከበታቹ ቤዝ ኮርስ የሚባል የተፈጨ ጠጠር አለ። ከእሱ ሥር ሰብ ቤዝ አለ፤ ከዚያ ገረጋንቲ፣ ከሁሉም በታች የተጠቀጠቀው የተፈጥሮ መሬት። የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት በዋናነት እነዚህ ከታች ያሉት ንብርብሮች ናቸው። የላይኛው ጥቁር ንጣፍ ትልቁ ሥራው ውሃ ወደ ታች እንዳይገባ መከልከልና ለጎማ ለስላሳ ገጽ መስጠት ነው።

ንብርብሮቹ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ብርቱ ናቸው። ውሃ ሲገባባቸው ግን አንዱ ጠጠር ከሌላው ጋር ተያይዞ የቆመበት ጥንካሬ ይላላል። ከሥር ያለው አፈር ሸክላነት ካለው ይለሰልሳል። ጥቁር ዋልካ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ አስፋልቱንም እያነሳና እየጣለ ይሰነጥቀዋል። የመንገድ ባለሙያዎች ውሃ የአስፋልት ዋና ጠላት ነው የሚሉት ለዚህ ነው።

ጉድጓድ እንዴት እንደሚፈጠር ደረጃ በደረጃ እንከተለው። መጀመሪያ ስስ ስንጥቅ ይመጣል። ስንጥቁ ከጊዜ ብዛት የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ አስፋልቱን አያይዞ የያዘው ሬንጅ በፀሐይና በአየር እየደረቀ ይሰባበራልና። እንደ ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ የፀሐይዋ ጨረር ስለሚበረታ ይህ እርጅና ይፈጥናል። ቀጥሎ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ከላይ ጎማ ሲያልፍ ከታች የታሰረው ውሃ ይጨመቅና ደቃቁን አፈር ይዞ በስንጥቁ ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ በአስፋልት ስንጥቅ ዙሪያ ቀይ ወይም ግራጫ ጭቃ ተረጭቶ ካያችሁ ከሥር ያለው መሠረት እየታጠበ ነው ማለት ነው። ከዚያ ስንጥቁ እርስ በርሱ ይጠላለፍና የአዞ ቆዳ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ቁርጥራጩ በጎማ እየተነቀለ ይሄዳል፣ ጉድጓዱም ይከፈታል። ጉድጓዱ ሲከፈት ውሃ ያቁራል፤ ያቆረው ውሃ ዙሪያውን ያለሰልሳል፤ አንዱ ጉድጓድ ሌላውን ይወልዳል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጉድጓዱ የታየን ዛሬ ቢሆንም ጉዳቱ የጀመረው ስንጥቁ ላይ ነው። ስንጥቅ መድፈን ጥቂት ሬንጅና ጥቂት አሸዋ ይበቃዋል። ጉድጓድ መድፈን ትኩስ አስፋልት፣ ማሽንና የሰለጠነ ሰው ይጠይቃል። መሠረቱ የታጠበ መንገድ ግን እንደገና ካልተሠራ አይድንም።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ አጠቃላይ እውቀት ነው። የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በሀዲያና በከምባታ ሁለት ዝናብ አለን። በልጉ ከየካቲትና ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይደርሳል። መንገዶቻችን በደንብ የሚደርቁት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። መሬታችን ደግሞ ተዳፋት የበዛበት ነው። በሀምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ያሉትን የከምባታ ከተሞች አስቡ። የሆሳዕናን ዳገትና ቁልቁለትም አስቡ። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ከላይ ሰፈር ወደ ታች ሰፈር በኃይል ይወርዳል። ቦይ ካገኘ በቦዩ ይሄዳል። ቦዩ ከተደፈነ ግን አስፋልቱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ጠርዙን ይቦረቡራል፣ ትከሻው ከምንለው ከአስፋልቱ ዳር ቀዩን አፈር ጠርጎ ይወስዳል፣ አስፋልቱ ከጎኑ ባዶ ይቀራል። ከዚያ አንድ አይሱዙ ተሳፋሪ ወይም ዕቃ ለማውረድ ጠርዙን ሲረግጥ አስፋልቱ ይቆረሳል።

ሌላም ነገር አለ። በመስከረም አጋማሽ የመስቀል በዓል ይመጣል። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ያከብራል። ከአዲስ አበባ፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከሌላም ቦታ በሥራ ምክንያት የተበተነው ቤተሰብ ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይገባል። አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ ለበዓል የሚታረደውን ሰንጋ የጫነው መኪና በቡታጅራና በወራቤ በኩል፣ በሐላባና በሶዶ በኩል ይጎርፋል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ጊዜውን ተመልከቱት። መሬቱ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ የጠገበበት፣ የመንገዱ መሠረት ከዓመቱ ሁሉ በጣም የደከመበት ወቅት ነው። ብዙ መኪና የሚመጣው መንገዱ አቅም ባጣበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የመስቀል መንገድ የሚዘጋጀው መስከረም ላይ አይደለም፤ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በበጋው ነው።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም መገኛ ናት። ወደ ከተማዋ የሚገባው ሰውና መኪና ጨምሯል፤ የሕንጻ ግንባታውም እንዲሁ። ድንጋይ፣ አሸዋና ብረት የጫኑ ሲኖትራኮች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ሳይቀር ይመላለሳሉ። ይህ ወደ ቀጣዩ ነጥባችን ይወስደናል፤ ክብደት።

(አጭር ሙዚቃ)

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ውስጥ፣ በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ ከምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪኖች ለሁለት ዓመት ገደማ ሲመላለሱ ቆዩ፤ መንገዱ እንዴት እንደሚጎዳም ተለካ። ውጤቱ እስከ ዛሬ የመንገድ ዲዛይን መሠረት ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

በምሳሌ እናስላው። አክስሉ 8 ቶን፣ ማለትም 80 ኩንታል የሚከብድ መኪና በአንድ ምልልስ የሚያደርሰውን ጉዳት 1 እንበለው። ያው አክስል 10 ቶን ሲጫንበት ጉዳቱ ወደ 2 ተኩል ያድጋል። 12 ቶን ሲጫንበት 5 ይሆናል። ባለ ጭነቱ 4 ቶን በመጨመሩ የሚያገኘው ጥቅም የአንድ ምልልስ ግማሽ ነው። መንገዱ የሚከፍለው ግን የ5 ምልልስ ዕዳ ነው። በአንጻሩ የአንድ ትንሽ የቤት መኪና አክስል የዚያን 8 ቶን አክስል አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚመዝን፣ ጉዳቱ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። አስፋልትን የሚያፈርሰው የመኪናው ብዛት ሳይሆን የከባዱ መኪና ክብደት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በዋና ዋና የአገሪቱ መስመሮች፣ ለምሳሌ በሞጆና በአዋሽ፣ የክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛኖች ያሉት ለዚህ ነው። በከተሞቻችን የውስጥ መንገድ ላይ ሚዛን የለም። ስለዚህ ኃላፊነቱ በሹፌሩና በባለ ንብረቱ ኅሊና ላይ ይወድቃል። ድንች ከዶዮገና፣ ዝንጅብል ከሀደሮ፣ ስንዴ ከሀዲያ ደጋ የምታጓጉዙ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም አሸዋና ድንጋይ የምታመላልሱ ሹፌሮች ሆይ፣ ከመኪናው አቅም በላይ አትጫኑ። መንገዱ ሲፈርስ ከማንም በፊት የሚሰበረው የእናንተው ባሌስትራ ነው፤ የሚፈነዳውም የእናንተው ጎማ ነው። ማዘጋጃ ቤቶችም በኮብልስቶንና በስስ አስፋልት ከተሠሩ የሰፈር መንገዶች ከባድ መኪናን የሚያግድ ምልክት መትከልና ከባድ ጭነት የሚያልፍበትን መስመር ለይተው ማስታወቅ ይገባቸዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ደግሞ በየዕለቱ ዓይናችን እያየ በአስፋልት ላይ ወደምንፈጽማቸው ጥፋቶች እንለፍ።

አንደኛው ቆሻሻን ቦይ ውስጥ መጣል ነው። ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የእንሰት ቅጠልና የገበያ ጥራጊ ቦዩን ሲዘጋው ጎርፉ አስፋልት ላይ ይወጣል። በገበያ ቀን ማግስት ቦይ መጥረግ የገበያው ሥራ አካል መሆን አለበት።

ሁለተኛው የግንባታ ዕቃ ነው። ቤት ስንሠራ አሸዋና ጠጠር አስፋልት ላይ እናራግፋለን፤ ሲሚንቶም እዚያው እናቦካለን። አሸዋው በመጀመሪያው ዝናብ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ይደፍናል። የደረቀው ሲሚንቶ አስፋልቱ ላይ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ጉብታው ውሃ ያግዳል፣ መኪናንም ያስነጥራል፤ የነጠረ መኪና ደግሞ ከክብደቱ በላይ አስፋልቱን ይመታል። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ቢያንስ ቆርቆሮ ወይም ሸራ አንጥፉ፣ የቦዩን አፍ በማገጃ ጠብቁ፣ ሥራው እንዳለቀ በዚያው ቀን ጥረጉ።

ሦስተኛው ነዳጅና ዘይት ነው። ሬንጅ የሚወጣው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው። ስለዚህ ናፍጣ፣ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ሲፈስበት ይሟሟል፤ ጠጠሩም ይለቃል። መንገድ ዳር ዘይት የምትቀይሩ ጋራዦች፣ ዘይቱን በበርሜል አጠራቅሙ። ላቫጆ ያላችሁም ውሃው አስፋልቱን አቋርጦ እንዳይፈስ ከራሳችሁ በር እስከ ቦዩ ድረስ መውረጃ ሥሩለት። በበጋ ሁሉ ነገር በደረቀበት ሰዓት ከላቫጆ ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ብቻ የሚቆፈረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው አስፋልት ላይ እሳት ማንደድ ነው። ጎማ ሲቃጠል ከሥሩ ያለው ሬንጅ ነድዶ ያልቃል፤ የሚቀረው የሚፈረፈር ጠጠር ነው። ደመራም ቢሆን በሜዳ ላይ ይደመር።

አምስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የተቋማትን ትኩረት የሚጠይቀው፣ አስፋልት መቁረጥ ነው። የውሃ መስመር፣ የስልክ ኬብል ወይም የፍሳሽ ቱቦ ለመቅበር አዲስ አስፋልት ሲቆረጥ እናያለን። ከተቆረጠ በኋላ የወጣው አፈር ተመልሶ ይጨመርበታል፤ በአካፋ ጀርባ ይመታል፤ በቃ። ከአንድ ክረምት በኋላ ቦታው ይሰምጣል። ትክክለኛው አሠራር አፈሩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየደረቡ እያንዳንዱን ድርብ በኮምፓክተር መጠቅጠቅ ነው። ከላይ አስፋልቱ ሲመለስም ከጉድጓዱ ስፋት በሁለቱም በኩል ወጣ ብሎ መቆረጥ አለበት፤ መጋጠሚያው ባልተነካ መሬት ላይ እንዲያርፍ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አስፋልት ከመነጠፉ በፊት የውሃ፣ የቴሌና የመብራት ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ባዶ ቱቦዎችን ቀድመው ማሳለፍ ነው። አሁን በከተሞቻችን የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ ይህን ማድረግ ነገ የሚቆረጠውን አስፋልት ያድናል።

(አጭር ሙዚቃ)

«ጉድጓዱን እኛው በቀይ አፈርና በድንጋይ ብንሞላውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አለ። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ቀይ አፈር ውሃ ይይዛል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ይረጫል። ትልቅ ድንጋይ ደግሞ በጎማ ሲመታ የጉድጓዱን ጠርዝ ይሰብራል። ለጊዜው አደጋ ለመከላከል ግዴታ ከሆነ የተፈጨ ደረቅ ጠጠር ሞልቶ ደህና አድርጎ መጠቅጠቅ ይሻላል። ይህ ግን ማስታገሻ እንጂ ጥገና አይደለም።

እውነተኛ ጥገና ምን እንደሚመስል እንንገራችሁ። ይህን ማወቃችሁ በሰፈራችሁ የሚሠራውን ሥራ ለመከታተል ይረዳችኋል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ በጉድጓዱ ዙሪያ ደህናው አስፋልት እስከሚገኝበት ድረስ አራት ማዕዘን ምልክት ያደርጋሉ። ጠርዙን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይቆርጣሉ። የላላውንና የረጠበውን ሁሉ አውጥተው ይጥላሉ። ከሥር ያለው ጠጠር ከተበላሸ እሱንም ይቀይራሉ፣ ይጠቀጥቃሉ። ጉድጓዱ ተጠርጎ ደረቅ ከሆነ በኋላ ወለሉና ግድግዳው ስስ ሬንጅ ይቀባል። ከዚያ ትኩስ አስፋልት ይገባል፤ ጥልቅ ከሆነ በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተደረበ። አስፋልቱ ሙቀቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመውረዱ በፊት ተጠቅጥቆ ማለቅ አለበት፤ ከቀዘቀዘ አይያያዝም። በደጋው ነፋስ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አስፋልቱን የሚያመጣው መኪና በሸራ መሸፈን ይኖርበታል። በመጨረሻም ዙሪያው መጋጠሚያ በሬንጅ ይታሸጋል።

ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ አስፋልት ሲጨመር፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ ከላይ ሲለጠፍ፣ ወይም በሩሎ ፈንታ በመኪና ጎማ ሲረገጥ ካያችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ስንጥቅ ደግሞ በደረቅ ቀን ይጸዳል፤ አቧራውና ሣሩ ይወጣል፤ ሬንጅ ይፈስበታል፤ ከላዩ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነሳል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። የሰለጠኑ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ከተሞቻችን ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ወጣቶችን አፍርተዋል፤ ስንጥቅ የሚደፍኑና ቦይ የሚጠርጉ ማኅበራትንም ማፍራት አያቅታቸውም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ የዓመቱን ሥራ በወር በወሩ እንደልድለው።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ እንዳባራ ባለሙያዎች መንገዱን በእግር እየሄዱ ስንጥቁን፣ የሰመጠውን ቦታና የተቆረሰውን ጠርዝ ይመዝግቡ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር የጥገና ወራት ናቸው። ስንጥቅ የሚደፈነው፣ ጉድጓድ የሚጠገነው፣ የተቦረቦረ ትከሻ በገረጋንቲ የሚሞላው በእነዚህ ወራት ነው። የካቲት ሳይጋመስ፣ በልጉ ሳይጥል፣ ቦይና ቱቦ ሁሉ ተጠርጎ ይለቅ። ከቦይ የወጣው ደለል ደግሞ ተጭኖ ይወሰድ፤ ቦዩ ዳር ከተከመረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ግንቦት ላይ፣ በበልግና በክረምት መካከል፣ ቦዩ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠረግ። በክረምት ውስጥ ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ውሃ አስፋልት ላይ የት የት እንደሚቆም ይታይ። ውሃ የቆመበት ቦታ የመጪው ዓመት ጉድጓድ ነው።

ስለ ቦይ ጥልቀትም አንድ ነገር እንበል። በሚገባ የተሠራ መንገድ መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ያዘቀዝቃል። የቦዩ ወለል ደግሞ ከመንገዱ መሐል ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ ሆድ ውስጥም ወጥቶ ይሄዳል። በደለል ተሞልቶ ግማሽ ጥልቀት የቀረው ቦይ ውሃ የሚያሳልፍ ቢመስልም የመንገዱን መሠረት ከማርጠብ አይመለስም።

አስፋልት በየዓመቱ ከሚደረገው ጥገና ሌላ በየጥቂት ዓመቱ ገጹ መታደስ አለበት። ሬንጅ ተረጭቶ ደቃቅ ጠጠር ይነሰነስበታል፤ እያደርም አዲስ ንጣፍ ይደረብበታል። በአገራችን ዋና መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት እንዲያገለግሉ ታስበው ይነደፋሉ። ይህ ዕድሜ ግን በጥገና የሚገኝ ነው፤ ጥገና ያጣ መንገድ አጋማሹም ላይ ሳይደርስ ሊፈርስ ይችላል።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም፣ ለጥገና የሚውል ገንዘብ በዋናነት ከነዳጅ ሽያጭ ላይ እንዲሰበሰብ ተወስኗል። ባጃጁም፣ አይሱዙውም፣ አውቶቡሱም ነዳጅ ሲቀዱ ለመንገድ ጥገና ያዋጣሉ። ከተሞችም ከፈንዱ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ የከተማ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ «ስንት ኪሎ ሜትር አዲስ አስፋልት ተሠራ?» ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ «ስንት ኪሎ ሜትር ቦይ ተጠረገ? ስንት ሜትር ስንጥቅ ተደፈነ?» ብለውም ይጠይቁ። አዲስ መንገድ ሪባን ይቆረጥለታል፤ የተጠረገ ቦይ ግን ማንም አያጨበጭብለትም። የሕዝብ ተወካይ ትጋት የሚለካው ጭብጨባ በሌለበት በዚህ ሥራ ነው።

አድማጮቻችን፣ ከቡታጅራ በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር አስፋልት ከመሆኑ በፊት የነበረውን አቧራና ጭቃ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች አይረሱትም። ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት ሳትደርስ የመሸባትን ቀን የሚያስታውሱ አሉ። ያ ችግር ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርገው ከእኛ ደጅ ያለው ቦይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማምሻውን ወጣ በሉና ከቤታችሁ ወይም ከሱቃችሁ ፊት ያለውን ቦይ ተመልከቱ። ደለል ካለበት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ የምትጠርጉበትን ቀን ቁረጡ። ቱቦው ተሰብሮ ወይም ስንጥቁ ሰፍቶ ካያችሁ ቦታውን ለይታችሁ ለቀበሌያችሁ ወይም ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማመልከቻችሁ የደረሰበትን ቀንም መዝግባችሁ ያዙ፤ መልስ እስክታገኙም ተከታተሉ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)